ጎርጎራ፦ በእግር የሚታይ ወደብ

ከደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ተነሥቶ ስለ ወደብ እጽፋለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ሳቅ ነው። ቦረናና ሳይንት ደጋ አገር ነው፤ ገብሱና ብርዱ እንጂ ጀልባው አይታወቅም። ዐባይ እንኳ በእግራችን ሥር ቢያልፍም የምናውቀው ከአፋፍ ላይ ሆነን ቁልቁል እያየን ነው። ወደ ጉንደወይን የሚያሻግረው ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ጎጃም ዘመድ ያለው ሰው በጋ ጠብቆ፣ መልካ መርጦ፣ ዋናተኛ ለምኖ ነበር የሚሻገረው። ታዲያ ያ በገደል ውስጥ የሚጮኽ ውኃ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጀልባ ተሸክሞ የዋለ ውኃ ነው። ከጣና ወጥቶ፣ ጢስ ዐባይ ላይ ወድቆ፣ በሽሎን ተቀብሎ ሳይንትንና ቦረናን በስተግራው እየተወ ይወርዳል። በራስጌው፣ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ጎርጎራ የምትባል ጥንታዊ ወደብ አለች።

ጎርጎራ በደንቢያ፣ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከአዘዞ በቆላ ድባ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ጥቁሩን የደንቢያ ሜዳ ሰንጥቆ ሐይቁ ላይ ያበቃል። ትንሽ ከተማ ናት፤ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ለመሄድ ባጃጅ አያስፈልግም። ግን በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ የንጉሥ ከተማ፣ የኢየሱሳውያን ሚሲዮን፣ የኢጣሊያ ጦር፣ የመንግሥት የጀልባ ድርጅት፣ በመጨረሻም ዘመናዊ ሪዞርት ተራ በተራ ሰፍረውባታል። ያረጀ ወደብን አድሶ ለእግረኛ ጎብኚ መክፈት በዓለም ላይ የተለመደ ነገር ሆኗል። ኬፕታውን በቪክቶሪያና በአልፍሬድ ስም የሚጠራውን የወደብ ሰፈሯን ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ እንዲህ አድርጋለች፤ ሊቨርፑልም አልበርት ዶክ የሚባለውን ወደቧን። መጋዘኑ ምግብ ቤት፣ የጭነት ማውረጃው መናፈሻ ይሆናል፤ አስጎብኚውም ከፊት ከፊት ይሄዳል። እነዚያ ወደቦች ሥራ የፈቱት መርከቡ ስለገዘፈባቸው ነው። ጎርጎራን ሥራ ያስፈታት ደግሞ አይሱዙ ነው።

ነገሩ በካርታ ላይ ግልጽ ነው። ከጎርጎራ ባሕር ዳር በውኃ ላይ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየብስ ግን ከጎርጎራ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ወጥቶ፣ በሐይቁ ምሥራቅ በአዲስ ዘመንና በወረታ ዞሮ መሄድ ያስፈልጋል፤ የጎንደርና የባሕር ዳር መንገድ ብቻውን 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ድንጋይና ጭቃ በነበረበት ዘመን ውኃው ያተርፋል። አስፋልት ሲነጠፍ ግን ጭነቱ ሁሉ ወደ መኪናው ዞረ። ለወደቡ የቀሩት መኪና የማይደርስባቸው ናቸው፦ የደቅ ደሴት ሰዎች፣ የምዕራብ ዳርቻው የቁንዝላና የደልጊ ገበያተኞች። በደህናው ጊዜ የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት የሕዝብ ጀልባ እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ደቅን ነክታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ ሰኞ ጎርጎራ ትገባ ነበር፤ ሐሙስ በማለዳ ደግሞ ትመለስ ነበር። ያንን ጉዞ የሄደ ሰው የሚያስታውሰው ገዳማቱን ብቻ አይደለም። የእህል ከረጢት ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ እየረገጠው፣ ከማያውቀው ሰው ቆሎ እየዘገነ መሄዱን ነው።

አስጎብኚዬ ወጣት ነው፤ ጎርጎራ ተወልዶ ጎንደር የተማረ። ያዘጋጀው ጉዞ ከደብረ ሲና ማርያም ተነሥቶ በኢጣሊያው ሐውልት አድርጎ ሪዞርቱ ላይ የሚያበቃ ነው። «ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይዘጋ ቶሎ ብንል» አለኝ። እኔ ከመድረኩ እንነሣ አልኩት፤ ጀልባ ከሚታሰርበት። «እዚያ እኮ የሚታይ የለም» አለኝ፤ ሰው አክባሪ ስለሆነ ግን ቀደመኝ።

የሚታይስ አለ፤ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል እንጂ። የባሕር ወደብ በቀን ሁለቴ ከፍ ዝቅ ከሚል ውኃ ጋር ይኖራል። ጣና እንዲህ ያለ የየቀን መዋዠቅ የለውም፤ ከፍ ዝቅ የሚለው በዓመት አንዴ ነው። ክረምቱን ጠጥቶ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይጎድልና ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህ ለጥልቅ ሐይቅ ምንም አይደለም። ጣና ግን በስፋቱ እንጂ በጥልቀቱ የሚኮራ ሐይቅ አይደለም፤ ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ከወለሉ እስከ ገጹ በጥልቁ ቦታ ቢለካ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው ደግሞ ወንዞች ባመጡት ደለል የተሞላ ስለሆነ አንድ ሜትር ሲጎድል ውኃው ከመድረኩ ይሸሻል፤ ጀልባዋም ጭቃ ላይ ትቀመጣለች።

ትላልቆቹ ጀልባዎች እንዲሠሩ የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች መውረድ የለበትም። ይህች ቁጥር የጎርጎራ ወደብ ሕይወትና ሞት ናት። ቁልፏ ያለው ግን እዚህ አይደለም፤ ባሕር ዳር፣ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ነው። በ1988 ዓ.ም. ለጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃ ለመመጠን በዚያ ዝቅተኛ ግድብ ተሠራ፤ መጀመሪያ ሁለት በር ነበረው፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨመረለት። እስከዚያ ድረስ ሐይቁን የሚያዝዘው ዝናብ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መብራትም ማዘዝ ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ ሲያንስና ለተርባይኑ ብዙ ውኃ ሲለቀቅ፣ በሰኔ ወር ሐይቁ ከተለካ ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ዝቅታ ላይ ወረደ፦ 1,784 ሜትር ተኩል እንኳ አልሞላም። ጀልባዎቹ ለአራት ወር ያህል ቆሙ። ደንገሉ ደረቀ፤ ውኃው የለቀቀውን መሬት ገበሬ አረሰው። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሐይቁ በስተምዕራብ ሁለተኛ መውጫ አገኘ።

እኔን ይህ ነገር የገረመኝ በሌላ ምክንያት ነው። ጨረጨራ ላይ በሩ ከፍ ሲል የሚለቀቀው ውኃ በእኛ ገደል በኩል ነው የሚያልፈው። የጎርጎራ ጀልባ ጭቃ ላይ ስትቀመጥ ቦረና አፋፍ ላይ የቆመ እረኛ ከበጋው ልክ የበለጠ ዐባይ ያይ ይሆናል። ምክንያቱን ግን ማን ይነግረዋል?

ከመድረኩ ከፍ ብሎ ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ግቢ አለ፤ ጎርጎራ ወደብ ሆቴል የሚባለው። ዛፎቹ የሞሉት በወፍ ነው፤ ውኃው ላይ ደግሞ ይብራዎች እንደ ሹማምንት ተራ ይዘው ይንሳፈፋሉ። ሆቴሉን ያስተዳድረው የነበረው ራሱ የጀልባው ድርጅት ነው፤ ያገሬው ሰው እስከ ዛሬ «ማሪን» ይለዋል። ክፍሎቹ አርጅተዋል። ግን የወደብ ሰፈር ምን እንደነበረ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፦ ከጀልባ የወረደ ሰው መኪና እስኪያገኝ የሚያድርበት፣ ነጋዴ ሒሳብ የሚጨርስበት፣ ጀልባ ነጂው ሻይ የሚጠጣበት ግቢ።

ኢጣሊያኖቹ መጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዙ በኋላ ጎርጎራን የፈለጓት በዚያው በውኃው ምክንያት ነው፤ ወደ ጎጃም ስንቅና ጥይት ማሻገሪያ። ሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ያሰማሩት፣ ኮረብታው ላይም ከሩቅ የሚታይ ሐውልት ያቆሙት በዚያ ጊዜ ነው። አስጎብኚዎቹ «የሙሶሊኒ ሐውልት» ይሉታል። አቀበቱ ያልባል፤ ከላይ ግን ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያሳይ መውጣቱ አያስቆጭም። ስለ ሐውልቱ ራሱ ብዙ የሚባል የለም። በጎንደር የነበረው የኢጣሊያ ጦር ኅዳር 1934 ዓ.ም. እጅ ሲሰጥ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ይዞታው ነበረ፤ ድንጋዩ ግን ባለቤት ሳይኖረው እዚያው ቀረ። ፍየል ይጠለልበታል።

ደብረ ሲና ማርያም ከወደቡ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ናት። ትውፊቱ ምሥረታዋን ከዐፄ አምደ ጽዮን ዘመን ያደርሰዋል፤ አሁን የምናየው ሥዕል ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሣለ ነው። ያሣለችው የዐፄ ፋሲለደስ እህት ናት የምትባለው መለኮታዊት ናት። ቤተ ክርስቲያኗ እንደ ጣና ወንድሞቿ ክብ ናት፤ ከውጭ ሲያዩአት ትልቅ የገበሬ ቤት እንጂ ሌላ አትመስልም። ጫማ አውልቆ፣ ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። ቅኔ ማኅሌቱን ዞረው ወደ ቅድስቱ ሲገቡ የመቅደሱ አራት ግድግዳ ከፊት ይደቀናል፤ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው።

ቄሱ ዘንግ ይዘው እያመለከቱ ይናገራሉ፤ የቅዱሳኑን ስም አስጎብኚው እንኳ ሳያውቅ እሳቸው በቃላቸው ይዘረዝሩታል። እኔ ግን የሥዕሉን ጠርዝ ነበር የማየው። በጣና ዙሪያ ያሉ ሠዓሊዎች ግድግዳው ላይ በቀጥታ አይሥሉም፤ ጥጥ ጨርቅ አዘጋጅተው በጭቃው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና በዚያ ላይ ይሥላሉ። ስለዚህ ጊዜ ሲያረጀው ቀለሙ አይረግፍም፤ ጨርቁ ነው ከግድግዳው የሚለቀው። አንድ ማዕዘን ላይ ጨርቁ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገልጦ፣ ከበስተኋላው ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይታያል። ጭቃው ላይ ምስጥ መንገድ ሠርቷል። «አባ፣ ይኼ አይጠገንም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሥዕሉን የሚጠግን ከሩቅ ይመጣል፤ ክዳኑን ግን እኛው እንችላለን» አሉ። ልክ ናቸው። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ጠላት ዝናብ ነው፤ ክዳኑ በየጊዜው ከታደሰ ውስጡ ይቆያል። ክዳን ማደስ ደግሞ ደብሩ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ከጎርጎራ በስተምዕራብ፣ በጀልባ ቢሄዱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ማርያም ግንብ የሚባል፣ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ሕንፃ ፍራሽ አለ። አስጎብኚዎች ጉዞውን ከፈለጉ ለብቻው ይሸጡታል፤ በእግር አይደረስበትም ባይባልም የሚሻለው በውኃ ነው።

ፍራሹ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፤ እሳቸውም ለእኛ ለደቡብ ወሎ ሰዎች እንግዳ ንጉሥ አይደሉም። ዘውድ ሳይጭኑ በፊት፣ በሽፍትነታቸው ዘመን፣ በአማራና በወለቃ አገር እየተዘዋወሩ ጦር ያከማቹ እንደነበር ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ወለቃ የቦረናና የወግዲ ወንዝ ነው። እንግዲህ በእኛ ቆላ ያደረ ሽፍታ ነግሦ ጣና ዳር ከተማ አደረገ። ለምን ጣና ዳር ቢባል፣ ደንቢያ ሠራዊት የሚቀልብ ለም መሬት ነው፤ ዓሣ አለ፣ ውኃ አለ፤ ጠላት በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚመጣው።

ወደ እሳቸው የቀረበው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። በ1595 ዓ.ም. አገራችን ገባ፤ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ በ1610 ዓ.ም. የዐባይን ምንጭ ከንጉሡ ጋር ሄዶ አየ። በ1606 ዓ.ም. አካባቢ ለንጉሡ ፎቅ ያለው የድንጋይ ቤት ሠራላቸው። ፎቅ ላልለመደ ሰው ነገሩ ጉድ ነበረና «ቤት በቤት ላይ» ተብሎ ተወራለት። በኋላም ከህንድ የመጡ ባለሙያዎች ኖራ ማቃጠልን ካሳዩ ወዲህ ግንቡ ይበልጥ ጸና፤ ዛሬ ማርያም ግንብ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን የዚያ ዘመን ሥራ ነው። የማድሪዱ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ አርኪኦሎጂስቶች ቆፍረው አጥንተውታል። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባና ክፈፍ ከአውሮፓና ከጎዋ የመጣ ጥበብ መሆኑ ላልተማረ ዐይን እንኳ ይታያል።

ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. እዚሁ ጎርጎራ ሞተ። በዚያው ዘመን ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በአደባባይ ገለጡ፤ አገሩ ተነሣባቸው፤ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ልጅየው ኢየሱሳውያኑን አባረረ፤ መናገሻውንም ወደ ጎንደር አወጣው። ከዚያ ወዲህ ማርያም ግንብን የሚያድስ አልተገኘም። ኖራ ማቃጠል የሚያውቅ ደንቢያ ውስጥ ጠፍቶ አይደለም፤ ጎንደር ላይ በዚያው ኖራ ለብዙ ዘመን ተገንብቷል። ሕንፃው የእኔ ነው የሚል ሰው ስላልነበረው ነው። ግድግዳው በከፊል ቆሟል፤ የቀረው ወድቋል። የደብረ ሲና ጭቃና ሣር ግን እስከ ዛሬ ቅዳሴ ይቀደስበታል።

ስለ ጎርጎራ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ከውጭ የመጣ ሁሉ በራሱ ምክንያት ሠርቶባታል፤ ምክንያቱ ሲያልቅ ሥራውም አብሮ ይፈርሳል። የሚቆየው ያገሬው ሰው ነገ ጠዋት የሚፈልገው ነገር ነው።

ታንኳውን ይመልከቱ። በአስጎብኚው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ «ጋሼ፣ እሱማ የትም አለ» አለኝ። ከመድረኩ ወዲያ፣ ዓሣ አጥማጆች በሚወጡበት ጭቃማ ዳር፣ አንድ ሰው ደንገል እያሰረ ነበር። ደንገሉ ተቆርጦ ለጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ይጠወልጋል፤ ጨርሶ ከደረቀ ይሰበራል፣ እርጥብ ከሆነ ይከብዳል። ሰውየው እቅፍ ሙሉ እየለካ ያስቀምጣል፤ ጫፉን ወደ ጫፍ ሳይሆን ወፍራሙን ሥር ከቀጭኑ ጫፍ ጋር እያፈራረቀ። ከዚያ ከራሱ ከደንገል ልጥ በተገመደ ገመድ ይጠመጥምና በተረከዙ ረግጦ ይጎትታል፤ ገመዱ ሲጠብቅ ደንገሉ ሲጢጥ ይላል። ሁለቱ ጎን እንደ ወፍራም ቋሊማ ይጠቀለላል፤ ውስጡ እንዳይረጥብ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባበታል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይታጠፋል። ሚስማር የለም፣ ሙጫ የለም። በደንገሉ አገዳ ውስጥ ያለው አየር ነው የሚያንሳፍፈው፤ ውኃው ወደ ውስጥ እየሰረገ አየሩን ሲተካ ታንኳው ይከብዳል፤ በጥቂት ወራት ይጣላል። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ መቼም ሥራ አይፈታም።

ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ አጥብቀው የያዙት ወይጦዎች ናቸው። ጉማሬ ያድኑ፣ ዓሣ ያሰግሩ የነበሩ፣ በጎረቤት ዘንድ በንቀት የታዩ፣ ሐይቁን ግን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በእ.ኤ.አ. 1969 በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይቻላል ብሎ ሲነሣ ደንገሉን ያስቆረጠው ከጣና ነው። የመጀመሪያዋ ጀልባው መንገድ ላይ ተበታተነች፤ በዓመቱ ያሠራት ሁለተኛዋ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ይህን ለሠሪው ብነግረው እጁን ሳያቋርጥ «ምን ሊሠሩ ሄዱ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ታንኳውን የሚያሰጋው ፋይበር ጀልባ አይደለም፤ የደንገሉ ማለቅ ነው። ዳርቻው ታርሷል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባል አረም መጣ። መጀመሪያ የታየው በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ፣ ከጎርጎራ ብዙም ሳይርቅ በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ ነው። እምቦጭ ሥሩን መሬት ላይ አይተክልም፤ ይንሳፈፋል፤ ነፋስ ወደፈለገው ይነዳዋል። ማታ ንጹሕ የነበረ ዳርቻ ጠዋት አረንጓዴ ሜዳ ሆኖ ያድራል። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ መረብ ግን አያስጥልም፣ የሞተር መቅዘፊያ ላይ ይጠመጠማል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መንግሥት የአንድ ወር ዘመቻ ሲጠራ ሰው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። ተነቀለ፤ ተመልሶም በቀለ።

አሁን ወደ አዲሱ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» ተብሎ ሦስት ቦታ ለልማት ሲመረጥ፣ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ጎርጎራ አንዷ ነበረች። ገንዘቡ ከተሰበሰበበት መንገድ አንዱ የአንድ ሰው ድርሻ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ራት ነበር። ሪዞርቱ ተሠርቶ በ2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በመካከሉ ክልሉ ጦርነትና ግጭት ውስጥ ገብቶ ስለነበር ሥራው ማለቁ ራሱ ብዙ ሰው አስገርሟል። የተሠራው በጥንቃቄ ነው፤ አትክልቱ፣ የድንጋዩ ሥራ፣ ወደ ሐይቁ የዞረው ሰገነት ዐይን ያሳርፋል። በዚያው ዓመት ደግሞ «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው 38 ሜትር የምትረዝም ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ለወራት ስትጓዝ፣ በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ ሲያያት ሰንብቶ ባሕር ዳር ደረሰች። ኮረብታ ሲቆረጥላትና ሽቦ ሲነሣላት በስልክ ቪዲዮ ያላያት የለም። ባሕር የሌለው ሕዝብ መርከብ በአስፋልት ላይ ሲያይ የሚሰማውን እዚህ መተንተን አያስፈልግም።

ሪዞርቱን ለመንቀፍ አልመጣሁም። ጎርጎራ እንግዳ ያስፈልጋታል፤ ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ አስጎብኚዎቹ ሥራ ፈትተው ከርመዋል፤ የእኔው ወጣት እንኳ በመካከሉ ሽምብራ ሲነግድ ቆይቷል። ቅሬታዬ በካርታው ላይ ነው። ለጎብኚ የሚነገረው መንገድ ከሪዞርት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሪዞርት ነው፤ መድረኩንና የታንኳውን ዳር ይዘልላቸዋል። ወደቡ ራሱ ከወደቡ ጉብኝት ወጥቷል ማለት ነው። ሊቨርፑል የዓለም ቅርስ የተባለውን የወደብ ሰፈሯን እያደሰች፣ እያደሰች፣ ረጃጅም ሕንፃ ስታበዛበት በእ.ኤ.አ. 2021 ዩኔስኮ ከመዝገቡ ሰረዛት። ጣናም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ የሚያወራው ስለ ሕንፃ አይደለም፤ ስለ ደንገሉ፣ ሌላ ቦታ ስለማይገኙት የዓሣ ዝርያዎችና በሐይቁ ስለሚኖረው ሰው ነው።

ከመለያየታችን በፊት ለአስጎብኚዬ አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ ያቺን 1,785 የምትል ቁጥር ያውቃት እንደሆነ። አላወቃትም። የጀልባ ሠራተኞቹ ግን ያውቋታል፤ በድንጋዩ ላይ እርጥበቱ የሠራውን መስመር እያዩ «ዘንድሮ ደህና ነው» ወይም «ዘንድሮ እንጃ» ይላሉ። በቀይ ቀለም አንድ መስመር መድረኩ ላይ ቢሠመር፣ አጠገቡም የ1995 ሰኔ ቢጻፍ፣ ጎብኚው ሐይቁን፣ መብራቱን፣ ጀልባውንና ታች ያለውን ዐባይ በአንድ ቦታ ቆሞ ያያል። «ወጪው አንድ ቆርቆሮ ቀለም ነው» አልኩት። «ቀለሙስ ቀላል ነበር ጋሼ፤ ፈቃዱን ከማሪን ነው ከወረዳው የምንጠይቀው?» አለኝ።

መሄድ ለሚፈልግ፦ ከመካነ ሰላም የሚነሣ ሰው በደሴ ዞሮ መንከራተት የለበትም፤ ዐባይን ተሻግሮ በጉንደወይንና በሞጣ ባሕር ዳር ይገባል። የመንገዱን ሰላም ግን ከመነሣት በፊት መጠየቅ ነው። ደብረ ሲና ማርያም ሲሄዱ ጠዋት ይሁን፤ ቅዳሴ ካለ ደጅ መቆየት ነው። በአቅራቢያው ያለው የማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም ሴት አያስገባም። ወደ ማርያም ግንብ የሚወስድ ጀልባ ዋጋው በሰው ሳይሆን በጉዞ ስለሆነ ጓደኛ ይዞ መሄድ ያዋጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ በማለዳ ነው የሚወጣው። ምሳ ዓሣ ነው፤ ቀረሶ ይዘዙ፣ የጠዋቱ ከሆነ።